የትዳር ጓደኛ ስም የሚጻፍበት መስመር

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጡረታ ሳዘጋጅ ኖሬ የራሴ ቀን ሲደርስ ቅጹን አበላሸሁት። የትዳር ጓደኛ ስም በሚለው መስመር ላይ «ጋሻው» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴን እኔም ሰፈሩም የምንጠራው ጋሻው ብለን ነው፤ በጋብቻ ምስክር ወረቀታችን ላይ ያለው ስም ግን አስማማው ነው። ወንበሬን የተረከበችው ልጅ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋ አየችና በትሕትና «እትዬ እታገኝ፣ ይኼ ሰውዬ ደግሞ ማነው?» አለችኝ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ግን እዚያው አዲስ ቅጽ ተቀብዬ እንደገና ሞላሁ፤ እንዲህ ያለች አንዲት ቃል ሰው ከበር ስትመልስ አይቻለሁና።

ጡረታ ከወጣሁ ይኸው ሰባት ወር ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ «ዛሬስ የት ልትገቢ ነው?» እያለ ይቀልድብኛል። እሱ መምህር ነበር፤ ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ ወጥቶ መቀመጥን ለምዷል። እኔ ገና አልለመድኩም። ስለዚህ ሳይረሳኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራ የጀመርኩት መርሳ ከተማ ነው፤ በአንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከተከፈለ በኋላ ለጫማ አይተርፍም ነበር፤ እሱን እዚሁ ልተወው። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሼ ሙሄ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይወርድ ሰው ናቸው። በመጀመሪያው ቀን አንድ ፋይል ወለሉ ላይ አስቀምጬ ሌላ ስፈልግ አዩኝና «አንሺው፣ ሰው ነው» አሉኝ። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

ፋይል ሲከፍቱ ከመጨረሻው ገጽ ጀምረው ወደ ኋላ ነው የሚያነቡት። «ሰውየው አሁን የት እንደደረሰ ሳታውቂ የት እንደተነሣ ብታነቢ ትታለያለሽ» ይላሉ። ስም ሲጽፉ እስከ አያት ድረስ ጮክ ብለው ያነቡና ባለስሙ መልሶ እንዲያነብላቸው ያደርጋሉ፤ ማንበብ የማይችል በቃሉ ይደግምላቸዋል። በእኛ በሀብሩ ወረዳ አንዱ ሰው በመስጊድ መሐመድ፣ በገበያ ሙሄ፣ በደመወዝ መክፈያ ሙሐመድ ሊሆን ይችላል። ለጋሼ ሙሄ ይኼ የራሳቸውም ጣጣ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን የሚታወቁት በአንዲት ጥያቄ ነው። ሠራተኛ ለዓመት ፈቃድ ይምጣ፣ ለዝውውር ይምጣ፣ ለዋስትና ደብዳቤ ይምጣ፣ ሰላምታ ከሰጡት በኋላ የሚጠይቁት አንድ ነው።

«ሚስትህ ማን ትባላለች?»

«ጋሼ፣ ፈቃድ ልጠይቅ ነው የመጣሁ። ሚስቴን ምን አመጣት?»

«ፈቃዱን ትወስዳለህ። መጀመሪያ እሷን እናስገባት።»

ማስገባት የሚሉት የሕይወት ታሪክ ቅጹን ነው። ሠራተኛ ሲቀጠር ይሞላዋል፤ አብዛኛው ሰው የሚቀጠር ሃያ ዓመት አልፎት ትዳር ሳይዝ ስለሆነ «ያላገባ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል፤ ቅጹ ግን እዚያው «ያላገባ» እንዳለ ይቀመጣል። ያ ሰው የሞተ ቀን ሚስቱ በወረቀት የለችም ማለት ነው። ጋሼ ሙሄ ይኼ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ነበሩ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሰልፉ ረዘመ ብሎ ተቆጥቶ «ሙሄ፣ ይኼ መዝገብ ቤት ነው ወይስ ቃዲ ቤት?» ቢላቸው «ሁለቱም ዘንድ ሰው የሚመጣ ቢቸግረው ነው፣ ጌታዬ» ብለው መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ሕጉን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ሠራተኛው ከሞተ በኋላ የትዳር ጓደኛው የጡረታ አበሉን ግማሽ ያገኛል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያሉ ልጆች የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሚስቶቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ያቺው የሚስት ድርሻ እኩል ትከፋፈላለች። ይኼን ሁሉ በአንድ ጠዋት ነገሩኝና «ሕጉ ይኼው ነው፤ ቀላል ነው። ከባዱ ሚስት መሆኗን ማሳየት ነው» አሉኝ።

ከስድስት ዓመት በኋላ ወልዲያ ተዛውሬ የጡረታ ማስረጃ ማዘጋጀት ላይ ተመደብኩ። መመሪያውን በቃሌ የማውቅ፣ በራሴ የምተማመን ሆኜ ነበር። እዚያ ላይ ነው ዘምዘምን ያገኘኋት።

ዘምዘም ከግራና የመጣች፣ ሁለት ልጆች ያሏት ወጣት ሴት ናት። ባሏ ይማም የመጋዘን ጥበቃ ነበር፤ ታሞ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ቅጹን አወጣሁ። «ያላገባ» ይላል። የኒካህ ጋብቻቸውን ምስክሮች ስም ልትነግረኝ ስትጀምር አቋረጥኳትና «የፍርድ ቤት ውሳኔ ይዘሽ ነይ» አልኳት። ሄደች። ከሳምንታት በኋላ ውሳኔውን ይዛ መጣች። አነበብኩት። በእኛ ፋይል የይማም አያት «ዓሊዬ» ነው፤ በውሳኔው ላይ «ዓሊ» ይላል።

«ይኼ ሌላ ሰው ነው፤ አስተካክለሽ ነይ» አልኳት።

ወረቀቱን አየችው። ማንበብ አትችልም ነበር፤ ግን አየችው።

«ሌላ ሰው ከሆነ» አለች ቀስ ብላ፣ «እኔ የቀበርኩት ማንን ነው?»

ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራሁ። ዘምዘም ተመልሳ አልመጣችም።

ከወራት በኋላ ጋሼ ሙሄ ጡረታ ወጥተው ለጉዳይ ወልዲያ ሲመጡ ሊጠይቁኝ ቢሮ ገቡ። ስህተት እንደማላሳልፍ ላሳያቸው ፈልጌ ይኼንኑ ታሪክ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ዓሊና ዓሊዬ አንድ ሰው ነው ብሎ ደብዳቤ የሚጽፈው ማነው?» አሉኝ።

«የሠራተኛው መሥሪያ ቤት።»

«የሠራተኛው መሥሪያ ቤት ማነው?»

እኛ ነበርን። ማለትም እኔ። ደብዳቤዋን ራሴ አርቅቄ፣ አስፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ በግማሽ ሰዓት ልሰጣት እችል ነበር። ጋሼ ሙሄ አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አስተካክለው «ሂጂና ፈልጊያት» ብቻ አሉኝ።

ቅዳሜ ግራና ወረድኩ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ተከራይ ገብቶበታል። ጎረቤቶቿ ልጆቿን ይዛ ወደ ዘመዶቿ ሄደች አሉኝ፤ አንዱ ወደ አፋር ነው አለ፣ ሌላዋ ወደ ደሴ ነው አለች። ለዓመታት ጠየቅኩ። እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። የሷም የልጆቿም ድርሻ በኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የቀረው፤ ይኼን ለማሳመር የምጨምረው ቃል የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሞቶ ሚስቱ እስክትመጣ መጠበቅ ተውኩ። ቅጽ በዘንቢል ይዤ መዞር ጀመርኩ። መርሳ፣ ግራና፣ በሲሪንቃ በኩል ያሉ ትምህርት ቤቶች ጭምር፤ ደመወዝ የሚከፈልበትን ቀን እየጠበቅኩ እሄዳለሁ፣ ያን ቀን የሚቀር ሠራተኛ የለምና። ወንዶቹ ይስቁብኛል። አንዱ ሾፌር «ኧረ እትዬ፣ ልትገድይኝ ነው እንዴ?» አለኝ። «እሞታለሁ ብለህ አይደለም፣ አግብቻለሁ ብለህ ጻፍ» አልኩት። ሳቀና ጻፈ። አለቃዬ መጀመሪያ የውሎ አበል ፈልጋ ነው ብሎ ጠርጥሮኝ ነበር። አንድም ቀን እንዳልጠየቅኩ ሲያይ የቢሮውን ሞተር ብስክሌት ከነነጂው ይፈቅድልኝ ጀመር።

የሚገርመው ባሎችም መብታቸውን አያውቁም ነበር። አንድ ቀን አቶ አሊ የሚባሉ የመርሳ ዙሪያ ገበሬ መጡ። ባለቤታቸው ሐሊማ መምህርት ነበረች፤ ቀብረዋት መምጣታቸው ነው። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን በመሐረብ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«የመንግሥት ዕቃ ነው፤ ልመልስ ነው የመጣሁ።»

«እርስዎም እኮ ድርሻ አለዎት» አልኳቸው። «በየወሩ ከደመወዟ ስታስቆርጥ የኖረችው ለዚህ ነው።»

ተቆጡ። «ወንድ ልጅ የሴት ጡረታ ይበላል?»

«ሕጉ ሚስት ወይም ባል ብሎ አልለየም፤ የትዳር ጓደኛ ነው የሚለው።»

መሐረቡን ፈተው መታወቂያዋን አዩ። «ጓደኛዬማ ነበረች» አሉና ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። በተቀመጡበት ቅጹን ሞላንላቸው።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት ከተማችን ደረሰ። ወጥተን ስንመለስ መዝገብ ቤታችን በሩ የለም፤ ካቢኔዎቹ ተገልብጠዋል፤ ወረቀቱን ነፋስ አጥሩ ሥር ከምሮታል። ለሳምንታት ጎንበስ ብለን ለቀምን። የአንዱ የቅጥር ደብዳቤ ከሌላው የሕክምና ፈቃድ ጋር ተደባልቋል። ባልደረቦቼ ተስፋ ሲቆርጡ እኔ ግን ገጽ በገጽ ባለቤቱን እየፈለግሁ አስገባሁ። የብዙውን አገኘን። የአንዳንዱን አላገኘንም። ካላገኘናቸው አንዱ ይመር ነበር።

ይመር የግሬደር ኦፕሬተር ነው። እነዚህን የሀብሩ መንገዶች ሲጠርግ ዕድሜውን ጨርሶ፣ ጡረታ ሳይወጣ ታሞ ሞተ። ከፋይሉ የተረፈ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም አርፍዶ በመግባቱ የተጻፈበት ማስጠንቀቂያ።

መጀመሪያ የመጡት ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው፤ ከግራና፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት። በቆርቆሮ ሣጥን የይመርን የቅጥር ደብዳቤ፣ የዕድገት ደብዳቤ፣ የድሮ መታወቂያ ሁሉ ይዘዋል። አንድ ነገር ጎድሏቸዋል፤ የጋብቻ ማስረጃ። ኒካሁን ያሰሩት ሼህም ምስክሮቹም ሁሉም ሞተዋል።

«ሟቹ ሌላ ባለቤት አላቸው?» አልኳቸው።

«የለውም። ጻፊ።»

ቸኩለው ስለመለሱልኝ ብዕሬን አላነሣሁም። በሦስተኛው ቀን ከድጃ መጣች፤ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ሳምቡሳ የምትሸጥ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት። የሷ ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። የኒካህ ወረቀት አላት፣ የይመር የሥራ ወረቀት አንድም የላትም። «ትልቋ ሚስት ክደውኛል፤ ምስክሮቼም በጦርነቱ ጊዜ እንደወጡ አልተመለሱም» አለችኝ።

ሁለቱን ለአንድ ቀን ቀጠርኳቸው። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ነገሩን እንደ ጋሼ ሙሄ ቀለል አድርጌ ነገርኳቸው። «የሚስት ድርሻ አንድ ናት፤ ሁለት ሚስት ካለ እኩል ትከፈላለች። አንዳችሁ ሌላዋን ከካደች ነገሩ ክርክር ይሆናል፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ለማናችሁም አይወሰንም። የልጆቹም ይዘገያል።»

«እኔ አልካድኩም» አለች ከድጃ።

«ከምካፈላት ይቅርብኝ!» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ባሌን አካፍያታለሁ፤ አይበቃትም?»

የዘምዘምን ነገር አወራሁላቸው። ወረቀት ሳይሟላላት ከነልጆቿ አገር ጥላ ስለሄደች ሴት። ወይዘሮ ዘይነባ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«የይማም ሚስት? የሰፈሬ ልጅ እኮ ናት! ‹ወረቀቱ እምቢ አለኝ› ብላ አልቅሳ ነው፣ የት እንደምትገባ እንኳ ሳትነግረን የሄደች። እምቢ ያለው ወረቀቱ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ባለጉዳይ ፊት እንዲህ ብዬ አላውቅም። ወይዘሮ ዘይነባ ሣጥናቸውን አንሥተው ወጡ። ነገሩ አበቃለት ብዬ ነበር።

የሚስትነት ጉዳያቸው የሚታይበት የሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀጠሮ መርሳ ላይ ነበር። ሥራዬ አይደለም፣ ማንም አላዘዘኝም፤ ግን ሄድኩ። የይመር የሥራ ጓደኛ፣ በሁለቱም ቤት የበላና የጠጣ ሰው፣ ሊመሰክር መጥቷል። ከድጃ ልጆቿን ይዛ ጥግ ቆማለች። ጉዳዩ ሊጀመር ሲል ወይዘሮ ዘይነባ ገቡ።

ቃዲው የሚያውቁትን እንዲናገሩ ጠየቋቸው። ነጠላቸውን አጠበቁ።

«ወላሂ፣ የሷ ኒካህ ሲታሰር እኔ ነበርኩ። ደስ አላለኝም። ግን ነበርኩ። ሚስቱ ናት።»

ከድጃ ማልቀስ ጀመረች። ተራዋ ሲደርስ እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«እኔ ሳልወለድ ነው እሳቸውን ያገባቸው፤ ሰርጉን አየሁ አልልም። የማውቀው አንድ ነው። ሊያገባኝ ሲመጣ ‹ሚስት አለችኝ፤ ዘይነባ ትባላለች። ትልቋ እሷ ናት፤ ክፉ ቃል ብትናገሪያት ያን ቀን ወጣሁ› አለኝ። አንድ ቀን እንኳ ስማቸውን አቃሎ ጠርቶ አያውቅም።»

ወይዘሮ ዘይነባ ዞር አሉ። ይኼን ያን ቀን ነው የሰሙት።

«እንዲያ አለ?»

«ወላሂ እንዲያ አለ።»

«እኔ ፊትማ አንድ ቀን ብሎት አያውቅም» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት።

ውሳኔው ሲወጣ የቀረው የእኔ ሥራ ነበር፤ እንደዚያ ሆኜ ሠርቼ አላውቅም። የሣጥኑን ወረቀቶች ከከድጃ ኒካህ ጋር አጋጠምኩ። በአንዱ «ይመር መሐመድ»፣ በሌላው «ይመር ሙሄ» ይላል። አንድ ሰው ስለመሆኑ ደብዳቤውን እነሱ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ ጻፍኩ፤ አስፈርሜ ማኅተሙ ሳይደርቅ አነበብኩላቸው። የጠፋውን የአገልግሎት ዘመን ከደመወዝ መክፈያ ቅጂዎችና ከድሮ ደብዳቤዎች እየለቀምኩ ከቅጥሩ ቀን እስከ ሞቱ ቀን አንድም ወር ሳይጎድል ሰካሁት። ጥራዙን ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ በእጄ ወስጄ ሰጠሁ። የተቀበለኝ ሠራተኛ ገልብጦ ገልብጦ «እትዬ፣ ከዚህ የምጠይቀው የለኝም» አለኝ። ሜዳሊያ ተሸልሜ አላውቅም፤ ያቺን ቃል በሜዳሊያ አልለውጣትም።

ተወሰነላቸው። ለሁለቱ እኩል፣ ለልጆቹ የየራሳቸው። የጡረታ መታወቂያቸውን የወሰዱ ዕለት ሁለቱም በአንድ ባጃጅ ነው ቢሮዬ በር ላይ የወረዱት። ሒሳቡን ማን ይክፈል በሚል ሲጨቃጨቁ የባጃጁ ነጂ ጥሩምባውን እየነፋ ሰፈሩን አወከው። ወይዘሮ ዘይነባ ትንሿን ልጅ አዝለዋል።

«አብሽሪ፤ አይዞሽ» አሉኝ፣ «ይቺ ወረቀት እምቢ አላለችም።»

ከዚያ በኋላ ያለው የሀብሩ ወሬ ነው። ከድጃ ሳምቡሳ የሚገዛትን ሾፌር ሁሉ «ሚስትህን አስጽፈሃል?» ትላለች አሉ። ወይዘሮ ዘይነባ ደግሞ በየሰርጉ ይጠራሉ። እኔ በዘንቢል ተሸክሜ ዓመታት የዞርኩትን እነሱ በምላሳቸው በአንድ በጋ ጨረሱት። በመጨረሻው የሥራ ዓመቴ የባሏ ቅጽ «ያላገባ» ብሎባት እያለቀሰች የመጣች ሴት አንድም አልነበረችም። አንድም! ይኼን ስጽፍ ብድግ ብዬ ቤቱን ዞሬ ነው የተቀመጥኩት።

በመጨረሻው የሥራ ቀኔ ከቀትር በኋላ ዕቃዬን ስሰበስብ አንድ ወጣት መምህርና ሚስቱ ገቡ። እጇ ላይ ሒናው ገና አልደበዘዘም። ከግራና ነው የመጡት።

«ሊያስጽፈኝ ነው» አለች ሙሽራዋ።

«መቼ ተጋባችሁ?»

«እሑድ።»

«ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው! ማን አስቸኮላችሁ?»

ባልየው አፈረ። «ዘይነባ የሚባሉ እናት ናቸው። ሰርጋችን ላይ ሰው ሁሉ ሲመርቅ እሳቸው ብቻ እምቢ አሉ። ‹ወልዲያ ሄዳችሁ ተጽፋችሁ ኑ፤ ያኔ እመርቃችኋለሁ› አሉን።»

ቅጹን አወጣሁ። የሷን ስም እስከ አያቷ ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ባልየው ፈረመ። ልጅቷ አንገቷን አስግጋ ስሟን አነበበችና ሳቀች።

«አሁን ሚስቱ ሆንኩ ማለት ነው?»

«ሚስቱስ በኒካሁ ሆነሻል፣ ልጄ» አልኳት። «ይኼ ማንም እንዳይክድሽ ነው።»